ድርብ ገበር

እናቴ ባለወፍጮውን ልታገባው እንደሆነ ያመንኩት ሻይ መላክ ስትጀምር ነው። ስኳር ከቤታችን ከጠፋ ሰንብቷል። እኔ ሻዬን ባዶውን እየጠጣሁ ፊቴን አጨማድዳለሁ፤ ለእሱ የሚሄደው ብርጭቆ ግን ሥሩ በስኳር ነጭ ሆኖ፣ በሰሃን ተከድኖ፣ በእኔው እጅ ይጓዛል።

«ሳታፈሺ» ትለኛለች እናቴ። «ስትሰጪውም ጎንበስ በይ።»

ጎንበስ እላለሁ። በልቤ ግን ብርጭቆው ውስጥ ስንቴ እንደተፋሁበት እኔ ነኝ የማውቀው።

የምንኖረው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከእሱ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ግድግዳችን ከወፍጮው ጋር የጋራ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፣ የእናቴ የስፌት መኪና ሰው ሳይነካው ይንቀጠቀጣል፣ በስንጥቁ የሚገባው ዱቄት አልጋችን ላይ ሳይቀር ያርፋል። አባቴ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከሄደ በኋላ መጀመሪያ የሚልከው ገንዘብ ቀረ፣ ቀጥሎ ሰላምታው ቀረ፣ በመጨረሻ ወሬውም ቀረ። ለእኛ የቀሩን የስፌት መኪናውና ብስኩት ናቸው።

ብስኩት ውሻችን ነው። መልኩ እንደ ስሙ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የወደቀ። የበራችን መቀርቀሪያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ባለወፍጮው «አሠራላችኋለሁ» ይላል እንጂ አያሠራም። ስለዚህ ብስኩት በሩን በጀርባው ደግፎ ይተኛል። መቀርቀሪያችን እሱ ነበር ማለት ነው። ጨርቅ የሚያመጡ ደንበኞችን በእግር ኮቴያቸው ያውቃል፤ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ ጅራቱን ሁለቴ መሬት ላይ ያጋጫል፣ ተነስቶም ያሳልፋል።

ባለወፍጮውን ግን አሳልፎት አያውቅም። ባለወፍጮው ቅንድቡ ሁልጊዜ በዱቄት የነጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሰው ነው። ያኔ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያኔ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከቤታችን ሲወጣ በሩ ላይ ተላተምን። የሱሪውን እግር ጨብጦ ያነክሳል፤ በጣቶቹ መሃል ደም አየሁ።

«ይሄን አውሬ አስሪው ብዬሻለሁ!» አለ ወደ ውስጥ ዞሮ። እኔን ልብ አላለኝም።

እናቴ ከስፌት መኪናው ጀርባ ቆማለች። ሻሿ ወልቋል። ትልቁን መቀስ ይዛለች፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚቆረጥ ጨርቅ የለም። መሬት ላይ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁና የደንበኛ መስላኝ አንስቼ ቁልፍ የምናጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳት።

«ምን ፈልጎ ነው?» አልኳት።

«ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ሊያይ ነው።»

ጊዜው በጋ ነበር። ጣሪያችንም አፍስሶ አያውቅም። ሁለቱንም አውቃለሁ። ግን የተናደድኩት ብስኩት ላይ ነው። «ጣሪያ ሊያሠራልን የመጣ ሰው ይነከሳል? ባለጌ!» ብዬ ጣቴን ቀሰርኩበት። ብስኩት ጆሮውን ጥሎ ስድቤን ተቀበለ። እናቴ መቀሱን አስቀመጠች፤ መጥታም አንገቱን አቅፋ ፊቷን ፀጉሩ ውስጥ ቀበረች። ደግሞ ታቆላምጠዋለች ብዬ በእሷም ተናደድኩ።

በማግሥቱ ብስኩት እንደ ልማዱ የወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ፀሐይ ሊሞቅ ተጋድሟል። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ባለወፍጮው የሻይ ውኃ የሚያፈላበትን ትልቁን ማንቆርቆሪያ ይዞ ወጣ። አልሮጠም፤ አልተቆጣም። አበባ የሚያጠጣ ሰው ይመስል ዝቅ ብሎ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ አፈሰሰበት።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት እንፋሎቱን ነው። የብስኩት ጩኸት ሞተሩን አልፎ ተሰማ። ከሴቶቹ አንዷ «ምነው ጋሼ!» አለች። ባለወፍጮው ዞር ብሎ ሲያያት ጆንያዋን አስተካከለች። ሌላ ሰው አልተናገረም።

በተዋስነው የእጅ ጋሪ ገፍተን የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ፣ የነጭ ካፖርቱ ኪስ የተቀደደ ሰው ነበር። ቁስሉን አይቶ እናቴን ወደ ጥግ ወሰዳት፤ እኔም ተከትዬ ተወሸቅኩ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አንድ መርፌ አለ፤ ሳይሰቃይ ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። ወጪው ትንሽ ነው። ማዳን ካልሽ ግን ቅባት አለ፣ ፋሻ አለ፣ የሚወጋው አለ፣ በየቀኑ ማጠብ አለ። ኑሮሽን ሳየው...»

«ማዳኑን ንገረኝ» አለች እናቴ። «መጀመሪያ ያልከውን አልሰማሁህም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ጠበበች። ሳሙና በክር ለሁለት ይቆረጣል፤ ግማሹ ለእኛ፣ ግማሹ ለብስኩት ፋሻ። ዘይት በማንኪያ ሆነ። አምፖሉን መስፋት ስትጨርስ ታጠፋዋለች፤ እኔም የቤት ሥራዬን የምሠራው ከመኪናው ሥር፣ ለመርፌው ከሚበራው ብርሃን እየተሻማሁ ነው። ጫማዬ ሲጠበኝ አፍንጫውን ቆርጣ ጣቶቼን አስወጣችልኝ፤ ጫማ ሆኖ ገብቶ ክፍት ጫማ ሆኖ ወጣ። እራት ላይ ለእኔ ታቀርብና «እኔ ስሠራ ቀምሻለሁ» ትለኛለች። የምትቀምሰው ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ራሴ ቤት ማስተዳደር ስጀምር ነው። ለሐኪሙ ካፖርቱንና መጋረጃውን ሰፋችለትና የመርፌውን ዋጋ ተወላት። የቅባቱ ግን ከሱቅ ስለሆነ ምሕረት የለውም።

የታጠቡት ፋሻዎች ገመድ ላይ ተሰጥተው ሲውሉ አላፊ አግዳሚው «የማን ልጅ ተወለደ?» ይላል። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ከበሯ ላይ ሆና ትመልሳለች፦ «እኔ ሳልሰማ የሚወለድ አለ እንዴ! ውሻዋ ነው፣ እለፍ።»

ባለወፍጮው ፋሻዎቹን አየ። በወሩ መጨረሻ መጣና ከደጅ ቆመ፤ ብስኩት ፋሻ እንደተጠቀለለ ከበሩ ሥር አጉረመረመ።

«ለውሻ ሐኪም የሚከፍል ሰው ኪራይ ቢጨመርበት አይጎዳም» አለ ባለወፍጮው እየሳቀ። «ከመጪው ወር ጀምሮ ጨምሬያለሁ። ካልተመቸሽ የምንስማማበት ሌላ መንገድ አይጠፋም።»

ከእናቴ ስድብ ጠበቅኩ። መቀሱን ጠበቅኩ።

«እሺ ጋሼ» አለች ዓይኗን ሰብራ። «ሻይ ልላክልዎ?»

ሻዩ የተጀመረው ያኔ ነው። ቀጥሎ የተቀደዱ ጆንያዎቹን በነፃ መጣጣፍ መጣ። እኔ ደግሞ ከእናቴ ጋር መነጋገር አቆምኩ። ውሻችንን ቀቅሎ ኪራይ ለጨመረ ሰው ጎንበስ የምትል እናት አልፈልግም ነበር። አድጌ ወፍጮውን በእሳት እንደማጋየው፣ እሱንም አሥሬ ማንቆርቆሪያ በማንቆርቆሪያ እንደማፈስበት ለብስኩት በጆሮው ቃል ገብቼለታለሁ።

አንድ ቀን ከጠረጴዛው ሥር ቁልፎች በየመልካቸው ስለይ አዋላጇ ስኳር በወረቀት ጠቅልላ መጣች። ለባለወፍጮው የሚላከው ስኳር የእሷ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩም።

«ዝም ልትዪው ነው?» አለቻት።

«ለማን ልናገር እትዬ? ‹ምን ብለሽ በር ከፈትሽለት› ነው የሚሉኝ።»

«በራችን እኮ አይዘጋም!» አልኩ ከሥር።

አዋላጇ ጎንበስ ብላ አየችኝ። «አንቺ ጥያቄ» አለችኝ፤ ጥያቄ ስለማበዛ ያወጣችልኝ ስም ነው። «ውጪ ውጪና ተጫወቺ።»

ስወጣ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቆይ ብቻ፣ ልክ አስገባዋለሁ» ስትል ሰማሁ።

እኔ የሰፊ ልጅ ነኝ። ልክ ማለት ለእኔ በአንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር ነው፤ ወገብ፣ ትከሻ፣ የእጅ ርዝመት። ልኩን ወስዳ ሱፍ ልትሰፋለት ነው ማለት ነው። ሴት ሱፍ በነፃ የምትሰፋው ለማን ነው? ለሙሽራ። በቃ፣ አለቀ።

ጥርጣሬዬን ያጸናው ደግሞ ራሱ ነው። አንድ ከሰዓት አቡጀዴ ጨርቅ በክንዱ ይዞ መጣ። የወፍጮው ዱቄት ተፈጭቶ ሲወርድ ወደ ጆንያ የሚገባው በረጅም የጨርቅ እጅጌ ነው፤ ባለ እህሉ ጆንያውን ከእጅጌው አፍ ጋር አስሮ ይጠብቃል። አሮጌው እጅጌ ተበሳስቶ ነበር። እኔ በሩ ላይ ብስኩትን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እሱ እንደ ወትሮው ከደጅ ቆሞ ለእናቴ በሹክሹክታ ያወራታል።

«ከውስጥ ሌላ ገበር ይኑረው። ከላይ ክፍት፣ ከታች ዝግ። ከውጭ እንዳይታወቅ።»

«ገባኝ ጋሼ።»

«አንቺና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።»

«ምን በወጣኝ ለሰው የማወራው! ሥራው ግን ከባድ ነው፣ ዋጋው ይወደዳል።»

«እንዳልሽ!» አለ ደስ ብሎት። ግማሹን እዚያው ከፈላት። እናቴ ሲሄድ ጠብቃ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና በቀጥታ መድኃኒት ቤት ሄደች። የብስኩትን ጀርባ እስከ መጨረሻው ያከመው ቅባት በባለወፍጮው ገንዘብ ተገዛ። ይህን ስትነግረኝ ዛሬም ዓይኗ ይስቃል።

እጅጌውን ስትሰፋ አጠገቧ ነበርኩ። ባለ አንድ እግር ሱሪ መሰለኝ፤ አንድ እግሩን ዛሬ፣ አንዱን ነገ ትሰፋለታለች ብዬ ጠበቅኩ። የውጪውን ስፌት ሁለት ጊዜ ደግማ፣ ክሩን በሻማ አሽታ ሰፋችው። የገበሩን የታችኛውን ጠርዝ ስትደርስ ግን ያንን ክር አወጣችና ከሳጥኑ ሥር ፀሐይ የበላው አሮጌ ክር መረጠች። ስፌቱንም እንደ ጀማሪ አራራቀችው። ድሮ እኔን «ስፌትሽ እንደ ዝንጀሮ ጥርስ ነው» ብላ የምትቆጣ እናት!

«ይሄማ ይተረተራል» አልኳት፤ ያኮረፍኩትን እንኳ ረስቼ።

«ይተረተራል?» አለች፤ ሳብ አድርጋ አየችው። «እንግዲህ እናያለን።»

በኋላ እንደነገረችኝ በጥቂት ቀን ይበጠሳል ብላ ነበር የገመተችው። ክሩ አሳፈራት። ሳምንታት ቆየ። ባለወፍጮው በየምሽቱ ወፍጮ ቤቱን ዘግቶ ገበሩን ያራግፋል፤ በየቀኑም ከያንዳንዱ ሰው እህል እፍኝ እፍኝ ይቀራል። «ዱቄቴ ምነው አነሰ?» ሲሉት «ብናኝ ነው፤ ነፋሱን ተቆጡ» ይላቸዋል። እናቴ ይህን ከግድግዳው ማዶ ትሰማለች። «በሱ የሠራሁትን እንደ ኃጢአት አልቆጠርኩትም» አለችኝ። «በሴቶቹ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። የድሃ ሴት እፍኝ ነው።» በመጨረሻ መታገሥ አልቻለችም፤ አዋላጇን ጠርታ ነገረቻት።

ደመወዝ የተከፈለበት ቅዳሜ ነበር፤ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ወፍጮው ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። እኔ ሻዩን ይዤ ሳልፍ የአዋላጇ ተራ ደርሶ ነበር፤ እንዲያ ያለ ትልቅ ጆንያ ይዛ አይቻት አላውቅም። ስንዴዋ ተፈጭቶ አለቀ፤ ሞተሩ ቆመ። ጆንያዋን ከእጅጌው ፈታች። እንደ መሄድ ብላ ተመለሰችና እጅጌውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ይሄ ነገር ምነው ባዶውን ከበደ?» አለች ጮክ ብላ።

«ተይው እትዬ!» ባለወፍጮው ከወዲያ ጮኸ።

አዋላጇ ስንቱን ልጅ ጎትታ ያወጣች ሴት ናት። አንዴ ሳበችው። ከውስጥ የሆነ ነገር ጠረረረ አለ፤ ከዚያ እህል በሌለበት፣ ሞተሩ በቆመበት፣ ዱቄት እግሯ ላይ ይወርድ ጀመር። ነጭ ወረደ። ቢጫ ወረደ። ቡናማ ወረደ። የሁሉም ሰው ነበር፤ የስንዴውም፣ የበቆሎውም፣ የማሽላውም፣ በየመልኩ ተደራርቦ።

ሴቶቹ ተጠግተው ከበቡት። ከዚያ አንዷ እጇን ከታ ቢጫውን ዘገነች። «የኔ ነው» አለች። «የጠዋቱ በቆሎዬ ነው።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ አጠገቧ ብስኩት አለ፣ ጀርባው ፀጉር አልባ፣ ሮዝ። እኔ ስለ ስፌቷ አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባለወፍጮው አያትና ጣቱን ቀሰረ።

«እሷ ናት! ኪሱን የሰፋችው እሷ ናት፣ ጠይቋት!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች እናቴ። «ታዘዝኩ፣ ተከፈለኝ፣ ሰፋሁ። ከላይ ክፍት ከታች ዝግ አድርጊው ያለኝ ማን ነው? አንተ አይደለህም?»

አንተ አለችው። ልጅ ብሆንም ያቺን ቃል ሰማኋት።

«ውሸታም! በኪራይ ተጣልተን...»

«በኪራይ አይደለም የተጣላነው» አለች። «በምን እንደተጣላን ውሻዬ ያውቃል። መቀርቀሪያዬን ሳታሠራ የቆየኸው ለምን እንደሆነ ልንገራቸው? ጣሪያ አየሁ ብለህ የገባኸው?»

ከሰልፉ ውስጥ አንዳንድ ሴቶች መሬት መሬት አዩ። ዱቄቱን የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ፊታቸው አንድ በአንድ ይመጣብኛል፤ የሁሉም በር እሱ ያከራየው በር ነበር።

ብስኩት ሲቃጠል «ምነው ጋሼ» ያለችው ሴት ናት መጀመሪያ የተነሳችው። ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ ፊቱን አለችው። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ማን ማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ዱቄቱን በእፍኝ፣ በሰፌድ፣ በእጃቸው ባለው ሁሉ ከመሬት እያነሱ አለበሱት። ሲጮህ አፉ ውስጥ ሞላ። ሚዛኑን ገልብጠው መንገድ ላይ አወጡት። እሱም ሚዛኑ አጠገብ፣ ጎዳናው ላይ፣ ከእግር እስከ ራሱ ነጭ በነጭ ሆኖ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ሲያሽ ቡኮ ይሆንበታል። እኔ እስኪያመኝ ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም፣ እጇንም አላነሳችም። ክንዷን አጣጥፋ፣ አንድም ነገር እንዳያመልጣት፣ እስከ መጨረሻው አየች።

እኔ የገባኝ ሠርጉ እንደቀረ ብቻ ነው። ለብስኩት በጆሮው ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አልጣመንም። «ሳምንታት ሙሉ እያወቅሽ ዝም አልሽ» ብለው ጨርቃቸውን ወደ ሌላ ሰፊ የወሰዱ ነበሩ፤ እናቴም አልተከራከረቻቸውም። ያን ወቅት የበላነው አዋላጇ በምታካፍለን ነው። ወፍጮ ቤቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አልረገጠውም። ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ራቅ ያለው ወፍጮ ድረስ ይሄዱ ጀመር። ሞተሩ ዝም ሲል ግድግዳችን እንግዳ ሆነብን። ባለወፍጮው ጊቢውን በወረደ ዋጋ ሸጦ ከሰፈሩ ጠፋ፤ ገዢዋ ባልቴት መጀመሪያ ያሠራችው ነገር የበራችንን መቀርቀሪያ ነው። ብስኩት ከነመላጣ ጀርባው አርጅቶ፣ ፀሐይ ላይ እንደተኛ ሞተ።

ጣሪያው ምን እንደነበር እናቴ የነገረችኝ እኔ ተምሬ መድኃኒት ቤት ስቀጠር ነው፤ ወንዶች ብቻዬን ሲያገኙኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስትመክረኝ፣ በወሬ መሃል፣ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስላ ጀምራ። ስትጨርስ የራሷ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ከመስኮቴ ፊት ቆመ። ትከሻው ወድቋል፤ ቅንድቡ ነጥቷል፣ አሁን ግን ዱቄት አይደለም። የልብ መድኃኒት ማዘዣ አቀበለኝ። ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ድምፁን ስሰማ ጥርጣሬም አልቀረልኝም። መድኃኒቱን አወጣሁ፣ ከማዘዣው ጋር ሁለቴ አመሳከርኩ፣ አወሳሰዱን በትልልቁ ጻፍኩለት። ሥራዬን አንዲት ነጥብ አላጎደልኩም። እሽጉን እጁ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ እሽጉን አየ። ክዳኑን በጥፍሩ ነካካ፣ ገልብጦ አየው፣ ወደ ብርሃን አነሳው።

«ሌላ... ሌላ ሰው የለም የሚሰጠኝ?» አለኝ።

«ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ» አልኩት። «በየወሩም እኔ ነኝ። ይውሰዱት፣ ምንም የለበትም።»

ይህን ያልኩት ፈገግ ብዬ ነው። ፈገግታዬ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። እሽጉን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፤ የከፈለውን እንኳ ሳይጠይቅ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ።

ማታ እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ማኘክ አቆመች።

«ሳይወስደው ሄደ?»

«ሄደ።»

«መድኃኒቱ ደህና ነበር?»

«እማዬ! ምን ማለትሽ ነው? ደህና ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። «ነገ ከመጣ ስጪው» አለችኝ።

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ አልመጣም» አለችና ጨው አቀብዪኝ አለችኝ።

እሽጉን ስሙን ጽፌበት ከመሳቢያዬ አስቀመጥኩት። የሚያገለግልበት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አቆየሁለት።